«አይቀስቅሱት»

ልብስ ሰፊው ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ ብርድ ልብስ እስከ አንገቱ ለብሶ ሞቷል። መጋረጃው ተዘግቷል። የሆነ ነገር «ጢጥ» ይላል፤ ዝም ይላል፤ መልሶ «ጢጥ» ይላል።

«ይሄን ስልክ አጥፉልኝ አላልኩም?» አለች መርማሪዋ። ከመጣች ጀምሮ ሁሉም ግማሽ ግማሹን እየነገራት አንጀቷ እርር ብሏል።

«ስልኩን ይተዉትና እሷን ይያዙልኝ!» አለ የሟች ወንድም። «ክኒን አብዝታ ሰጥታው ነው። ሲያቃስት መስማት ሰልችቷት ነበር።»

ሚስትየው ቀና አላለችም። «የሰለቸኝ ሕመሙ ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

ለወገብ ሕመሙ ሆዱ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያክል መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ተቀብሮለታል። ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ጠብ ጠብ እያደረገ ወደ አከርካሪው ይልካል። ሲያልቅ ነርስ ቤት ድረስ መጥታ በመርፌ ትሞላዋለች።

«ዛሬ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይጮህ ነበር» አለች ተጠርታ የመጣችው ነርስ። «ሞላሁት፤ ሄድኩ።»

«ሲስተር፣ ባዶ ሲሆን ይጮሃል?»

«አዎ፣ እስኪሞላ ድረስ።»

ጢጥ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አዳመጠችና ብርድ ልብሱንና ሸሚዙን ገለጠች። ሱሪው ወገቡ ላይ በአዲስ ክር ጠቧል።

«ማን አጠበበው?»

«ራሱ። ሕመሙ እህል አስጠልቶት ከሳብኝ» አለች ሚስትየው።

መርማሪዋ ሦስቱንም ወደ ሶፋው ጠራቻቸው።

«የክኒኑ ብልቃጥ እንደታሸገ ነው። ጠዋት ተሞላ የተባለው መሣሪያ ግን አሁንም ባዶ ነኝ እያለ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ የት ገባ? ሰውየው ሲከሳ መሣሪያው ከቦታው ተንሸራቷል። ሲስተር፣ እርስዎ በእጅዎ ሳይዳስሱ የለመዱትን ጠባሳ ተከትለው ወጉት። ይኸው፣ የመርፌው ምልክት እዚህ፣ መሣሪያው እዚያ፤ በመካከሉ እብጠት። ለወራት የታሰበው መድኃኒት ባንዴ ሥጋው ውስጥ ፈሰሰ።»

ወንድምየው አፉን ያዘ።

«ስሕተት ነው…» አለች ነርሷ እያለቀሰች።

«ደውዬልሽ ነበር» አለች ሚስትየው ቀስ ብላ። «አልነቃ አለኝ ስልሽ ‹አይቀስቅሱት፣ ይረፍ› አልሽኝ።»

«ሲስተር፣ ያኔ ስሕተትዎ ገብቶዎት ነበር አይደል?» አለች መርማሪዋ።

«ፈርቼ ነው» አለች ነርሷ።

«እኔማ በስንት ጊዜው ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። መጋረጃውን ዘጋሁለት። ወንድሙ ሲገባ እንኳ ኮቴህን ቀስ አድርግ አልኩት።» ሚስትየው ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ያኔ ሐኪም ቤት ባደርሰው ይድን ነበር?»

መርማሪዋ እውነቱን ንገሩኝ እያለች ስትጮህ ነው የዋለችው። አሁን መልሱን እያወቀችው አንገቷን ደፋች።

መሣሪያው ጢጥ አለ።