አባባ ሁለቴ አላጠጡም

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ ታሪክ ሆድ ያባባል። እኔም ሳወራው ይከፋኛል።

ሶልያና የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷና ከወንድ አያቷ ጋር ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ወለሉ ላይ ትኖራለች። አያቷን «አባባ» ትላቸዋለች።

ቤታቸው ፀሐይ አይገባበትም። ፊት ለፊቱ ሌላ ረጅም ሕንፃ ቆሟል።

አባባ ደግሞ ሳይተክሉ መኖር አይችሉም። ስለዚህ መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ሠሩ። ከመደርደሪያው በላይ ረጃጅም ነጭ መብራቶች ሰቀሉ።

ላይ ሰላጣና ቆስጣ ተከሉ። ታች ቃሪያ፣ በሶብላና ናና ተከሉ።

ጥግ ላይ ጤና አዳም አለ። እሱን የተከሉት የሶልያና ሴት አያት፣ እማማ ዘነበች ናቸው። እማማ ዘነበች ግን አርፈዋል።

የድሮው ቤታቸው ሲፈርስ አባባ ከግቢው ያመጡት ያንን ጤና አዳም ብቻ ነው።

ጠዋት ጠዋት ሶልያና ማብሪያውን ትጫነዋለች። «ጠቅ! ፀሐይ ወጣች!»

ማታ ማታ ደግሞ ታጠፋዋለች። «ጠቅ! ፀሐይ ገባች!» ከዚያ ሰላጣውም ቃሪያውም ሶልያናም ይተኛሉ።

አንድ ቀን ሁሉም ለአጎቷ ሠርግ ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄዱ ሆነ። የሚመለሱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

«እስክንመለስ መብራቱ ይብራላቸው» አሉ አባባ። በየጠርሙሱ ውሃ ሞሉና አፈሩ ላይ ዘቀዘቁት። ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል። ጠብ… ጠብ… ጠብ…

አባባ ሻንጣውን ይዘው ወጡ። ያን ጊዜ ቤቱ ድርግም አለ። መብራት ጠፋ።

«ሲመጣ በኃይል መጥቶ ዕቃ ያቃጥላል። ሁሉንም እንንቀል» አለች እናቷ። በዚያ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል።

እናቷ ፍሪጁን ነቀለች። ሶልያና ቴሌቪዥኑን ነቀለች።

ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጣ የአትክልቶቹን መብራት ነቀለች። እንዳይቃጠል ብላ ነው እኮ።

ታክሲው ደጅ ቆሞ ጠራቸው። «ጲጵ! ጲጵ!» ሁሉም ተሳፈሩ። የነቀለችውን መልሶ የሰካ ሰው የለም።

ሠርጉ ደመቀ፤ ሶልያና እግሯ እስኪዝል ጨፈረች። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ግን ጨለማ ነበር። ቀንም ጨለማ፣ ሌሊትም ጨለማ።

ሲመለሱ ሶልያና ቀድማ ገባች። ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ቶሎ ብላ ሰካችው። መብራቱ በራ። «ፀሐይ ወጣች» ግን አላለችም።

ሰላጣው ነጭ ክር መስሎ ተኝቷል። በሶብላው ጠቁሯል። ናናው ብቻ ትንሽ ነፍስ አለው።

ጤና አዳሙ ቅጠሉን በሙሉ አራግፏል።

አባባ ገቡ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ነካ አደረጉት። አፈሩ ጭቃ ሆኗል፤ በጨለማ አትክልት ውሃ አይጠጣማ።

«ሁለቴ አጠጥቼ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንዴ አጠጥቼ፣ ያንን ረስቼ፣ ጠርሙሱን ደግሞ ዘቀዘቅኩበት። እርጅና ብቻህን ና ብንለው መች ሰማን።»

ሶልያና ስለ ገመዱ አልነገረቻቸውም።

በማግስቱ አባባ ከቤት ሲወጡ በሩን ቆለፉ። ትንሽ ሄዱና ተመለሱ። «ቆልፌዋለሁ?» አሉ። እንደገና ሄዱ፤ እንደገና ተመለሱ። «ቆልፌዋለሁ?»

በሦስተኛው ቀን ሻያቸውን ይዘው ቆዩ። «ስኳር ጨምሬበታለሁ?» አሉ። ራሳቸውን ማመን አቅቷቸዋል።

በአራተኛው ቀን ማጠጫውን ለሶልያና ሰጧት። «ከእንግዲህ ናናውን አንቺ አጠጪው። እኔ የምታመን ሰው አይደለሁም።»

ሶልያና ማጠጫውን ተቀበለች። ትንሽ ማጠጫ ናት፤ ያን ቀን ግን በጣም ከበደቻት።

እራት ቀረበ፤ መብላት አቃታት። እናቷ ግንባሯን ነካች፤ ትኩሳት የላትም።

ሶልያና ተነስታ አባባ ጋደም ወዳሉበት አልጋ ሄደች።

«አባባ፣ ሁለቴ አላጠጡም» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«መብራቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። እንዳይቃጠል ብዬ ነው። ከዚያ መሰካቱን ረሳሁ። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም።»

የአባባ እንባ በጉንጫቸው ወረደ። ሶልያና አባባ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም ነበር።

«ተናደዱብኝ?» አለች።

«ያን ዕለት ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር» አሉ አባባ። «ጤና አዳሙ በጣም ያሳዝነኛል። ደርቋል፤ እንግዲህ ተመልሶ አይለመልምም።»

ሶልያና አንገቷን ደፋች።

«ግን ሶሊዬ፣ እኔ የፈራሁት ሌላ ነው» አሉ። «ዛሬ ውሃውን ከረሳሁ፣ ነገ ዘነበችን እረሳታለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር።»

ሶልያና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱም አለቀሱ። እናቷም መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እማማን አላስታውሳቸውም» አለች ሶልያና። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

አባባ ብርድ ልብሱን አለበሷት። እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ይገባል፤ እሷ ትወጣ ነበር» አሉ። «ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የሠርጋችን ቀን ጫማዋ ጠበባትና የእኔን አድርጋ ጨፈረች።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ በካልሲ ቀረሁ።»

ሶልያና ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ተከደነ፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

አባባ ግን አላቆሙም። ስለ እማማ ዘነበች ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ አወሩ። አንድም ነገር አልረሱም።