ከቅጥር ውጪ የተቆፈረው ጉድጓድ

የኋላሸት ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ሞቶ የተገኘ ዕለት፣ ነቀምቴ ኢንተርኔት ከጠፋባት ሳምንት አልፏታል። አጠገቡ የተባይ መርዝ የሸተተ የለስላሳ ጠርሙስ ነበር። ሰፈሩ ምን ገዶት፣ ወዲያው «ራሱን አጠፋ» አለ። ቄሶቹም ለእንዲህ ያለ ፍትሐት የለም ብለው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ይቀበር አሉ። እያለቀሰ አካፋ ያነሳው ጓደኛው አበጋዝ ነው።

እናቱ ሸዋጌጥ የኢንስፔክተር ድርቤን እጅ ያዙ። «ልጄን ከአጥር ውጪ አታስጥይብኝ።»

ድርቤ ቃል አልገባችም። ወደ ሟቹ ጓደኛ ግን ሄደች።

ሁለቱ ጓደኛሞች የእህልና የቡና ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ ሠርተው፣ በአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያሠሩት ነበር። ኔት ሲጠፋ አዲሱን ሥራ በፍላሽ ይዘው፣ ኔት ወዳለበት ሲሬ በሚኒባስ ሄደው ይጭናሉ። የሰሞኑ ተረኛ አበጋዝ ነበር።

«ማታ የት ነበርክ?» አለችው ድርቤ።

«ሲሬ አደርኩ። ጠዋት ስመጣ እናቱ በሩን ከፍተው ይጮኻሉ። እኔ እግሬ እምቢ አለኝ፣ አልገባሁም።»

«ምን አስከፍቶት ራሱን ያጠፋል?»

«መድረኩ እንደዘጋብን ትናንት ሲያነብ ነዋ። የኛን ገልብጠው የራሳቸውን ሠሩና አባረሩን።»

የድርጅቱ የነቀምቴ ወኪል ጋሩማ ደነገጠ። «አኒ ሂንቤኩ፣ ምንም አላውቅም። መዘጋቱን ገና ካንቺ መስማቴ ነው፤ ኔት የት አለና?» አንገቱን ደፋ። «ኑ፣ ሥሩ፣ ቤታችሁ ነው እያልኩ የለመንኳቸው ግን እኔ ነኝ።»

ድርቤ የሟቹን ስልክ አየች፤ ትናንት ማንም አልደወለለትም፣ መልእክትም አልገባለትም። ኮምፒውተሩ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ፍላሽ ተሰክቷል፤ ከፍታ ያለበትን አነበበች።

«ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እንዳይጠፋባቸው» አሉ ሸዋጌጥ። «ሌላ የላቸውም።»

ድርቤ ሁሉንም ከነቄሶቹ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰበሰበች።

«አበጋዝ፣ የመዘጋቱ ዜና የመጣው በኢንተርኔት ነው። ጋሩማ እንኳ አልደረሰውም። የኋላሸት በምን አነበበው?»

አበጋዝ ወደ ድንኳኑ በር አየ።

«ሲሬ ኔት ስትጠግብ ውለህ፣ እዚህ አለመኖሩን ረሳኸው። ያነበብከው አንተ ነህ።»

«እኔ... ደውዬ ነግሬዋለሁ።»

«ስልኩ ላይ ጥሪ የለም። ይኸው ደግሞ ይዘኸው የሄድከው ፍላሽ። ካልገባህ ማን ሰካው? ማታ ተመልሰሃል፤ ከአፍህ ነው የሰማው። ፍላሹን ከፍቶ ደግሞ ሥራችሁን ለድርጅቱ አሳልፈህ የሰጠህበትን ደብዳቤ አየ፤ እኔም አንብቤዋለሁ።»

«ሥራ እንቀጥርሃለን ብለውኝ ነበር» አለ አበጋዝ። « ለሁሉም እናገራለሁ ሲለኝ... ታርቀን እንጠጣ ብዬ ለስላሳ ገዛሁለት።»

«አባቶች፣ ልጁ ራሱን አላጠፋም» አለች ድርቤ። ቄሶቹ ለፍትሐት ተነሱ።

ሸዋጌጥ አበጋዝን ትክ ብለው አዩት። ቤታቸው ያደገ ልጅ ነው፤ ጫማው ላይ የመቃብሩ አፈር አልደረቀም። አልሰደቡትም። ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

«ያንን ጉድጓድ ድፈኑልኝ። ልጄ እሱ በቆፈረው አይተኛም።»

ወንዶቹ አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ከቅጥሩ ውስጥ፣ አባቱ አጠገብ፣ አዲስ ቆፈሩለት።