በረቂቅ የተቀመጠው መርዶ

ወዳጄ፣ አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ሰው ጂን አየሁ ሲለኝ «እስኪ መነጽርህን ጥረግ» የምል ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬን ኮምፒውተር ስጠግን ስለኖርኩ ያለምክንያት የሚበላሽ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፣ ይህን የማወራህም ሌላ መልስ ፈልጌ ፈልጌ ስላጣሁለት ነው።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ብሎግ አለኝ ያለ ሁሉ ፖለቲከኛ በሚመስልበት ዘመን። እኔ ግን መካነ ሰላም ላይ ከነበረችኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኜ የምጽፈው ዐረብ አገር ላሉ የአገሬ ልጆች ነበር፣ ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ዘንድሮ የደጎሎ ገብስ እንዴት አማረ፣ ይኸው ነው። ሞት ግን አላወጣም። ሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሲመለስ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ከጎኑ ቆሞ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ከቀብር መልስ ነገሩን ሳልረሳ እጽፈውና ረቂቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፣ ከእኔ በቀር ማንም አያየውም፣ ቤተሰቡ «ሰምታለች፣ አውጣው» ያለኝ ቀን ይወጣል።

ከረቂቆቹ አንዱ የእትዬ ሉባባ ነበር፣ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው የሰይድ እናት። ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፣ ኩዌት ያለችው ልጃቸው ፋጤ ግን አልሰማችም። ሰይድ «በሰው ቤት ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ? ማን ደግፎ ይይዝልኛል?» ይላል፣ ምስኪን፣ ፋጤ ስልክ በምታገኝበት በየዓርቡ «እናታችን አቀስታ እህቷ ዘንድ ሄዳለች»፣ «ጉንፋን ይዟት ተኝታለች» እያለ ይዋሻል። ኮንትራቷ ሊያልቅ የቀረው ሦስት ወር ነበር።

ታዲያ የድሮው ብሎጌ አድራሻ አንዴ ሲከፈት አንዴ አልከፈት ሲል ሰለቸኝና ወደ አዲስ ሲስተም ላዛውረው ቆረጥኩ። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፣ ክረምት ስለሆነ ጉሙ በር ድረስ ገብቷል። ሁሉንም ጽሑፍ በአንድ ፋይል አወረድኩት፣ የኢንተርኔት ዶንግሌን ሰክቼ አዲሱ ላይ መጫን ጀመርኩ፣ እየተንቀራፈፈ አንድ ባንድ ሲያልፍ አፍጥጬ አያለሁ።

ያኔ ነው ከኋላዬ ካለው አግዳሚ ጠቅ የሚል ድምፅ የሰማሁት። ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው አልኩ፣ ዝናቡ ግን ካቆመ ቆይቷል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። እመነኝ፣ አንድ ጽሑፍ ባለፈ ቁጥር አንድ ጊዜ ነበር የሚለው፣ ልክ የሙስበሃ ዶቃ እንደሚቆጥር ሰው። እትዬ ሉባባ በሕይወት ሳሉ እዚያ አግዳሚ ላይ ሙስበሃቸውን ይዘው ተቀምጠው «እስቲ ልጄ ምን ጻፈች፣ አንብብልኝ» እያሉ የፋጤን ኮሜንት ያስነብቡኝ ነበር፣ ፊደል አይለዩም። ዞሬ ማየት ነበረብኝ፣ አልዞርኩም፣ ፈራሁ ልልህ አፍራለሁ እንጂ ፈርቼ ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ ሲያልፍ ድምፁም አበቃ።

ቀና ብዬ ስክሪኑን ሳይ ረቂቅ በሚለው ትይዩ የተጻፈው ዜሮ ነው። አዲሱ ሲስተም ረቂቅ ብሎ ነገር አላወቀም፣ መርዶውን ሁሉ ከሠርጉና ከልደቱ እኩል አደባባይ አውጥቶታል። በዚያ ቀን፣ በዓርብ፣ ፋጤ ስልኳን በምታገኝበት ሰዓት! ሌላውን ሁሉ ትቼ የእትዬ ሉባባን ከፈትኩ፣ ኔትወርኩ ደግሞ የዚያን ዕለት እልህ ተጋባኝ፣ ገጹ ግማሽ ወርዶ ይቆማል። በስንት መከራ ሲከፈት ከሥሩ አንድ ኮሜንት አለ፣ የጻፈው ሰው ስም የለውም።

«ልጄ ከእኔ ሰምታለች። ከእንግዲህ እናንተ ንገሯት፣ እኔ ደከመኝ» ይላል።

ጽሑፉን፣ ከዚያም ሌሎቹን መርዶዎች ወዲያው ከሰው ዓይን ደበቅኩና የኮሜንቱን ሰዓት አየሁ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። እኔ ማዛወር ሳልጀምር፣ ጽሑፉ ገና በድሮው ብሎግ ረቂቅ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ያን ጊዜ እንኳን ኮሜንት ሊጽፍበት፣ ከእኔ በቀር ሊያየው የሚችል ሰው አልነበረም። ወላሂ፣ ምክንያቱን እስከዛሬ አላገኘሁትም።

ሰይድን ጠርቼ አሳየሁት። አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፣ ከዚያ ኮሌታዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«በሟች እናቴ ትቀልዳለህ? አንተ ነህ የጻፍከው!»

«እኔ አይደለሁም ሰይዶ፣ በፈጠረህ!»

ኮሌታዬን ሳይለቅ ስልኩ ጮኸ፣ ፋጤ ናት። አንብባው እንደሆነ አላወቅንም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ሰላምታም ሳይሰጣት «ፋጤ፣ እናታችን እኮ...» አለ።

«አውቃለሁ ሰይዶ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፣ «የሞተች ዕለት ነግራኛለች። በየሳምንቱ እዚህ በቤቱ ስልክ ትደውልልኛለች፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ ትለኛለች። ወንድምሽ ሲዋሽ አታሳፍሪው ስላለችኝ ነው ዝም ያልኩህ።»

«ማን ናት የምትደውለው?» አለ ሰይድ።

«እናቴ ናታ!»

እኔ ጣልቃ ገብቼ ብሎጉን አይተሽ ነው ወይ ስላት ወሩን ሙሉ እንዳልከፈተችው ነገረችኝ። ቀጥላ በቀስታ፣ ሕፃን በምትጠይቅበት ድምፅ «ሰይዶ፣ እንግዲህ እናንተ ስለነገራችሁኝ፣ መደወሏን ትተወው ይሆን?» አለች። ሰይድ ስልኩን ከጠረጴዛው ሲያነሳ መስመሩ ተቋረጠ።

በሳምንቱ ዓርብ ሰይድ ስልኩን ይዞ ሱቄ መጣ፣ ሲጮኽ አንስቶ ጥቂት አዳመጠና ለእኔ አስጨብጦኝ ወጣ። «አልደወለችም» አለችኝ ፋጤ። ከዚያ ስምንት ወር ያላለቀሰችውን ለቅሶ ጀመረች፣ በሰው አገር፣ በሰው ወጥ ቤት፣ ብቻዋን፣ እኔም ሒሳቧ እስኪያልቅ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ።