ቀይዋ ቃል

አቶ ቦሼ ደም አስታውከው በሞቱ ማግስት ኢንስፔክተር ሳህሊቱ ሶዶ ከተማ ወደሚገኘው ቤታቸው ተጠራች። የሟች ልጅ ደገፉ በር ላይ ጠብቆ የወንድሙን ሚስት ፋንታዬን በጣቱ አሳያት።

«መድኃኒት የምትሰጠው እሷ ናት። አባቴን የበላችው እሷ ናት።»

ፋንታዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከታሰረች ሕፃኗን ማን ይይዝላታል? ሳህሊቱ ግን ጥያቄዋን ቀጠለች።

«የደም ማቅጠኛ እንደሚወስዱ እያወቅሽ የሕመም ማስታገሻውን ለምን ጨመርሽባቸው? ሁለቱ ሲገናኙ ደም ያፈስሳሉ።»

«ወገባቸውን አመማቸው። የመድኃኒት ቤቱን ድረ ገጽ ከፍቼ አነበብኩ። አብራችሁ ስጡ ይላል።»

ሳህሊቱ በስልኳ ገጹን ከፈተች። «ከደም ማቅጠኛ ጋር አትስጡ» ይላል አማርኛው። ደገፉ አላገጠ። ሳህሊቱን ግን ነገሩ ቆረቆራት፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚጋለጥ ውሸት ምን ያደርግለታል?

«በምን ቋንቋ ነው ያነበብሽው?»

«በወላይትኛ ነዋ።»

ሳህሊቱ ገጹን የሠራውን ኤልሳዕንና ተርጓሚዋን ብሩክታይትን አስጠርታ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«እኔ የተሰጠኝን ነው የተረጎምኩት» አለች ብሩክታይት። «‹ከደም ማቅጠኛ ጋር ስጡ› ነው የሚለው። ክልከላ አላየሁም።»

«ኤልሳዕ፣ ክልከላው የት ገባ?»

ኤልሳዕ የእንግሊዝኛውን ገጽ ከፍቶ አሳያቸው። «በእንግሊዝኛ ክልከላው ‹ኔቨር› በምትል አንዲት ቃል ከፊት ለብቻው ይቆማል። ቀይ እንዲሆን ብዬ ቆርጬ የገጹ አብነት፣ ቴምፕሌቱ፣ ውስጥ ጻፍኩት። ለትርጉም የሚወጣው ቀሪው ብቻ ነው። አማርኛውን ሙሉውን ራሴ ስለጻፍኩት ጉድለቱ አልታየኝም።»

«ስለዚህ ቀይዋ ቃል በወላይትኛው ገጽ ላይም በእንግሊዝኛ ቀረች» አለች ሳህሊቱ። «ወላይትኛም የሚጻፈው በዚያው በላቲን ፊደል ነው። ፋንታዬ፣ ምን መሰለችሽ?»

«የመድኃኒቱ ስም።»

«በወላይትኛ ደግሞ ክልከላ የሚመጣው ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። ፋንታዬ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ አላገኘችም። ስለዚህ ሰጠች። እዚህ የዋሸም የመረዘም የለም።»

ደገፉ አንገቱን ደፋ። «ታዲያ ማንን ልክሰስ?»

ኤልሳዕ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«የኛን ገጽ አሁኑኑ አስተካክላለሁ» አለ ኤልሳዕ። «ቴምፕሌቱን ግን ለሁሉም በነጻ ለቅቄዋለሁ። እነማን እንደወሰዱት አላውቅም።»

ሳህሊቱ ወደ ፋንታዬ ዞረች። «ነጻ ነሽ። ልጅሽን ያዢ።»

ፋንታዬ አልተነሳችም። «የሞቱት ግን በእጄ ነው» አለች፣ መዳፏን እያየች።

ሳህሊቱ ተወልዳ ያደገችው ሶዶ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ ትችላለች። የምትመልሰው ግን በአንዱም አጣች።