የመምህር ቼን ሻይ

መምህር ቼን ሰኞ ጠዋት ካዛንቺስ በተከራዩት ቤት፣ ቻይንኛ በሚያስተምሩበት ጠረጴዛ ላይ እንደተደፉ ተገኙ። ከአገራቸው ወጥተው አዲስ አበባ ሲኖሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ሬሳቸውን ያገኘችው የቤት አከራያቸው ናት። ከፊታቸው ሁለት ሲኒ ነበር፣ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሙሉ። በሻዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ።

ፖሊስ ሩቅ አልሄደም። ከሦስቱ ጀማሪ ተማሪዎቻቸው አንዷ ኢኽላስ እሑድ ከሰዓት ከግቢው ስትወጣ ታይታለች፤ አባቷም ወሎ ሰፈር ባለው ሱቁ የአይጥ መርዝ ይሸጣል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጣቢያ ገባች፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለቃሚዋ ደግሞ እንደ ልማዷ ኢንስፔክተር መርሃዊት ሆነች። ሌላው ተቻኩሎ የዘጋውን መዝገብ ሳትከፍት አታድርም፤ አለቆቿም በዚህ ጠባይዋ አይወዷትም።

«እሑድ ለምን ሄድሽ?»

«የቤት ሥራዬን ላሳያቸው ነው። ደህና ነበሩ። በቃ፣ ሰው እጠብቃለሁ ብለው ሸኙኝ።»

«ማንን?»

«አልጠየቅኋቸውም» አለች ኢኽላስ። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። መርሃዊትን አንጀቷን በላቻት።

መርሃዊት ወደ መምህሩ ቤት ሄደች። ሻዩ የቀረበው በተበሳሳ የቀርከሃ ትሪ ላይ ሲሆን፣ ከሥሩ ውሃ የሚጠራቀምበት መሳቢያ አለው። ሳበችው። ደረቅ ነው። ኦሎምፒያ ሰፈር ሆነው ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡትን ሁለተኛውን ተማሪ፣ አቶ አስመላሽን አስጠርታ አሳየቻቸው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ባለፈው ሐሙስ ነው ያስተማሩን። የመጀመሪያው ሻይ አይጠጣም፤ ቅጠሉና ሲኒው ይታጠብበትና እዚያ ይደፋል። የሚጠጣው ቀጥሎ የሚቀዳው ነው። እሳቸው ለብቻቸው ሲጠጡ እንኳ አይዘሉትም።»

«ሐሙስ ሁላችሁም ነበራችሁ?»

«ባይሳ ብቻ ቀርቷል።»

ሦስተኛው ተማሪ ባይሳ የመንገድ ሥራ ድርጅት አስተርጓሚ ነው። «ማለቴ፣ ሐሙስ መንገዱ የሚሠራበት ሳይት ላይ ነበርኩ» አለ። «እሑድ ደግሞ ጎተራ ባለው ቤቴ ፊልም ሳይ ነው የዋልኩት።»

ከሰዓት በኋላ መርሃዊት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ኢኽላስ እጇ በካቴና ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመች። ጠረጴዛው ላይ ትሪ፣ አዲስ ቅጠልና የፈላ ውሃ ተዘጋጅቷል።

«ባይሳ፣ ሻይ አፍላልኝ» አለች መርሃዊት።

ባይሳ ውሃውን በቅጠሉ ላይ ጨመረ፣ ትንሽ ጠበቀና ሲኒውን ሞልቶ አቀረበላት። አቶ አስመላሽ አንገታቸውን ደፉ።

«መሳቢያው ደረቅ ነበር» አለች መርሃዊት ሲኒውን ሳትነካ። «ስለዚህ የእሑዱን ሻይ ያፈሉት መምህሩ አይደሉም። ኢኽላስና አቶ አስመላሽም የመጀመሪያው እንደሚደፋ ተምረዋል። ያልተማረው አንተ ነህ። እኛ ዘንድ አቦሉን ማን ይደፋል?»

«ይሄ ማስረጃ ነው?»

«ብቻውን አይደለም።» ከማኅደሯ አንድ ወረቀት አወጣች። «ባለፈው ወር የተቀጠርክበት የምስክር ወረቀት ነው። መምህር ቼን ሦስት ዓመት አስተምሬዋለሁ ብለው ፈርመዋል ይላል። ትምህርት ከጀመርክ ሦስት ወር አልሞላህም፤ ፊርማውም የእሳቸው አይደለም። ዛሬ ከኃላፊህ ጋር ቀጠሮ ነበራቸው።»

ባይሳ ወረቀቱን ገፋ አደረገው። «እንዳይነግሩብኝ ልለምናቸው ነው የሄድኩት።»

«መርዝ በኪስህ ይዘህ?»

መርሃዊት ካቴናውን ከኢኽላስ እጅ አስፈትታ በእሱ እጅ አስገባችው።

«እቤትሽ ሂጂ» አለቻት።

ኢኽላስ ግን አልሄደችም፤ የታሰረችበትን እጇን እያሻሸች ባይሳን ታየው ነበር። «ሳትደፋ ስትቀዳ አይተውሃል እኮ» አለችው። «እኔን ስሳሳት ወዲያው ነበር የሚያርሙኝ። አንተን እንዴት ዝም አሉህ?»

«እንዳላፍር ብለው ይሆናል» አለ ባይሳ ወለሉን እያየ። «ጨርሰው ጠጡና ጥሩ ፈልቷል አሉኝ።»