«ያዝኩ» ያለው ማነው?

ውሸት ነው የምትሉ ከወዲሁ እለፉት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ያላመነኝ ቤተሰብ ውስጥ ነው የኖርኩት፤ የእናንተ አለማመን ምንም አይለኝም።

ግን ሆኗል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ደግሞ ጨለማ አልነበረም። ሁሉም የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። የጋራዤ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከማዶ ያለው ጎማ ለጣፊ ሬዲዮውን እስከ ጥግ ለቆት...

ሥራዬ የመኪና አካል መጠገን ነው። የተጨረመተ ላሜራ አወጣለሁ። ዝገት ቆርጬ እበይዳለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል።

የቆመው በአንዲት መኪና ምክንያት ነው።

የአባታችን መኪና ናት። አረንጓዴ፣ መብራቷ ክብ፣ ኮፈኗ እንደ ኤሊ ጀርባ ጉብ ያለ። «እመቤት» ይላት ነበር። እኔን «አንተ ልጅ» ነበር የሚለኝ። በስሜ የጠራኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ እሑድ፣ ታናሽ ወንድሜ ገብቶባት የእጅ ፍሬኗን ለቀቀው። ግቢያችን ተዳፋት ነው። መንሸራተት ስትጀምር ሮጬ ከጎኗ ተለጠፍኩ፤ በእጄ ላቆማት። አቅሜን አላውቅ!

የግቢውን በር ቋሚ መታች። የግራ ፓራፋንጎዋ፣ ማለቴ ከፊት ጎማው በላይ ያለው ላሜራ፣ ሳህን የሚያህል ወደ ውስጥ ሰረጎደ።

ወንድሜ ዘሎ ወረደ። አባቴ ሲወጣ እጄ ገና ላሜራው ላይ ነበር።

«ማነው?» አለ።

ወንድሜ ጣቱን ቀሰረ።

«እሱ።»

በቃ። ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

በማግስቱ አባቴ ደብተሬን ነጠቀኝ። እሱም የዚሁ ሙያ ሰው ነበር። «ማበላሸቱን ከቻልክበት ማስተካከሉን ተማር» ብሎ ጋራዥ አስገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ሠራሁ። የአገር ሰው መኪና ስናስተካክል የእመቤት ስርጉድ ግን እንዳለ ቀረ። ልነካው ስጠጋ «እጅህን አንሳ! እያየኸው ትኖራለህ» ይለኛል።

ወንድሜ ተማረ። ሰፈሩ «ምሁሩ» ነው የሚለው። ልጅ ሆኖ «ጋሼ» ይለኝ ነበር፤ ዲግሪውን የያዘ ዕለት «ጋሼ» ቀረች።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

ስርጉድ ሲወጣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ መደገፊያ ብረት ይዞ እጁን ከላሜራው ጀርባ ይከታል። ሌላው ከፊት ሆኖ በመዶሻ ይመታል። መቺው የያዡን እጅ አያየውም። ስለዚህ ሕግ አለ። ያዡ «ያዝኩ» ሳይል መዶሻ አይነሳም። ሁሌ ያዡ አባቴ፣ መቺው እኔ ነበርን። ከአፉ የሰማኋት ደግ ቃል ብትኖር ያቺው «ያዝኩ» ናት።

ድምፁም ይለያል። ከጀርባ ብረት ካለ «ጭ» ይላል፣ ጥርት ብሎ። ከሌለ «ዷ» ነው፣ እንደ ባዶ በርሜል።

አባቴ አምና ሞተ። እመቤት ለኔና ለምሁሩ በጋራ ቀረች። ከሸራ ሥር ጎትተን ጋራዤ አስገባናት። ወለሏ በስብሶ እግር ያሾልካል።

ምሁሩ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር ገብቷል። እጁን ኪሱ ከቶ ዞራት።

«ዝገቱ እንዳይሄድ አቁምልኝ። ሌላ ምንም አትንካ» አለኝ።

«እንዴት ነው ሳይነኩ ማቆም?»

«ቀለሟን አትንካ ማለቴ ነው። ላሜራዋን አትቀይር። ኦሪጅናል ናት እኮ! አንዴ ከጠፋ አይመለስም።»

እውነቱን ለመናገር ኮፈኗ ላይ ያለው ቀለም የዛሬ ሰው እጅ አይደለም። እሱን ልነካ ሐሳቡም አልነበረኝም።

«ስርጉዱስ?» አልኩት።

ሳቀ።

«ስርጉዱማ ታሪክ ነው!»

ታሪክ! የኔ ስድስተኛ ክፍል ለሱ ታሪክ ነው።

 ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ስጀምር የጀመርኩት ከስርጉዱ ነው።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ላሜራው ድረስ ፋቅሁት። ብቻዬን ነኝ፤ አንድ እጄን ከጀርባ ከትቼ በሌላው እየመታሁ፣ ትከሻዬ ሊገነጠል... ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ። መዳፌን ሳሳልፍበት እንቅፋት የለውም።

በሩን ቆልፌ ምሳዬን በልቼ ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስኩ።

ስርጉዱ ቦታው ላይ ነው።

ቀለሙም ተመልሷል። ከዳሩ የነበረችው ጨረቃ የመሰለች ዝገት እንኳ ተመልሳለች።

መሬቱን አየሁ። የፋቅሁት አረንጓዴ ዱቄት ጎማው ሥር እንደተከመረ ነው።

ምሁሩ ጋ ደወልኩ።

«አንተ ነህ የገባኸው?»

«የት?»

«ጋራዥ ነዋ!»

«ስብሰባ ላይ ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ነክተህ ነው?»

«ምንም።»

«ነካክተሃታል! አውቅሃለሁ!»

ዘጋሁበት። ያውቀኛል አሉ!

ረቡዕ እንደገና ፋቅሁት። እንደገና አወጣሁት። ምሳ አልሄድኩም፤ ዳቦ ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ዓይኔን አልነቅልም ብዬ...

አንዴ አስነጠሰኝ።

ቀና ስል ስርጉዱ አለ። ያቺው ቀለም፣ ያቺው ዝገት። ዳቦዬን ወረወርኩበት። ሌላ ምን ላድርግ?

ሐሙስ ግን ንዴት አናቴ ላይ ወጣ። መፋቅ የለ፣ ማለስለስ የለ፤ መዶሻዬን ብድግ አድርጌ ዝም ብዬ መታሁት።

«ጭ!»

ደገምኩት።

«ጭ!»

እጄ አየር ላይ ቀረ።

መደገፊያ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመኪናዋ አምስት እርምጃ ይርቃል።

ከጀርባ ማን ነው የያዘው?

ቀስ ብዬ ተንበረከክሁ። ከፓራፋንጎው ሥር አየሁ። ጎማ። የደረቀ ጭቃ። ሌላ ምንም የለም።

ያኔ ከላሜራው ጀርባ፣ በሹክሹክታ...

«ያዝኩ።»

የማን ድምፅ እንደሆነ አልነግራችሁም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰማሁት ነው።

«አባዬ?» አልኩ።



የአርባ ስድስት ዓመት ሰውዬ ላሜራ ፊት ተንበርክኬ እለምን ጀመር። «እኔ አይደለሁም እኮ። እኔ ላቆማት ነው የሮጥኩት። አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ዷ!» አለ ላሜራው፣ ሳልመታው።

ስርጉዱ ዓይኔ እያየ በአንድ ጣት ጠለቀ።

አላመነኝም። ሞቶም አላመነኝም!

እንግዲያው ከዚያ ከሚያምነው ልጁ አፍ ይስማ ብዬ ምሁሩን ለቅዳሜ ጠራሁት። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። ገና እመቤትን ሲያያት ፊቱ በራ።

«ይኸው! ሰው የነገሩትን ሲሰማ እንዴት ደስ ይላል!»

«ከጀርባ ዝገት በልቷታል» ብዬ ዋሸሁት። «እጅህን ከትተህ ዳስሰው።»

«ሸሚዜስ?»

«ጠቅልለው! ኦሪጅናል ነው እንዴ?»

ሸሚዙን ጠቅልሎ ቁጢጥ አለ። ግራ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ሳላስበው መዶሻዬ በእጄ ገብቷል። ከልማድ አፌ አመለጠኝ።

«ያዝክ?»

«ያዝኩ።»

ምሁሩ ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«እኔ... እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

የጎማ ለጣፊው ሬዲዮ ጸጥ ያለ መሰለኝ።

«አውጣኝ» አለ በሹክሹክታ። «እጄን ይዞኛል።»

«ማን?»

«እኔ ምኑን አውቄ! አውጣኝ!»

ከጀርባ ድምፁ መጣ።

«ማነው?»

ያቺው እሑድ። ያቺው ጥያቄ።

ከጎኑ ተንበረከክሁ። «ንገረው።»

«ምኑን ነው የምነግረው?»

«ታውቀዋለህ። አንዲት ቃል ናት። ንገረውና ይልቀቅህ።»

«ማነው?»

ወንድሜ አየኝ። አፉን ከፈተ። ለአንድ አፍታ... የሚናገር መስሎኝ ነበር። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር እኮ!

ቀኝ እጁ ተነሳ። ጣቱ ቀስ ብሎ ተቀሰረ።

«እሱ።»

ለቀቀው።

ወንድሜ በቂጡ ወደ ኋላ ወደቀ። ተነስቶ እየተደናቀፈ ሮጠ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ጮኸብኝ። «ይኼን ሁሉ ቲያትር ለኔ ነው የሠራኸው? ታመሃል አንተ!»

ወደ እመቤት ዞርኩ።

ስርጉዱ የለም።

ፓራፋንጎው ልስልስ ብሏል። አረንጓዴው ያበራል። ዝገት የለ፣ ጭረት የለ። ዛሬ ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ይኼን ቀን ስጠብቅ። አለቀስኩ፤ በንዴት። በዚያ ስርጉድ ሰበብ ከትምህርቴ ወጥቼ፣ ሙያ ተምሬ፣ ጆሮዬን በመዶሻ አደንቁሬ... እኔ ሳልነካው ይስተካከል?

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ...»

ማን እንደሆነ ወዲያው አላወቅሁትም። ያቺን ቃል ከረሳኋት ስንት ዘመኔ።

«ጣቴ ላይ የሆነ ነገር ወጣ» አለ እያንሾካሾከ።

«የትኛው ጣትህ?»

 ለምን እንደምጠይቀው ገብቶታል።

«የቀኝ። ጠቋሚው። ቡናማ ነው፤ በሳሙና አይለቅም። ሳከው ይፈረፈራል።»

«ሐኪም ጋ ሂዳ።»

«ሄጃለሁ። መርፌው ጎበጠ። አይታጠፍልኝም ጋሼ... አንተ ታውቅበታለህ። የሆነ ነገር አድርግልኝ።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከአፌ የወጣው ይኼ ነው፦

«አልነካውም። ኦሪጅናልነቱ ይጠፋል።»

ትናንት ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሳልጠራው መጣ። እጁን በፎጣ ጠቅልሎታል። እንግዳ ይመስል በሩ ላይ ቆሞ «ልግባ?» አለኝ።

ገባ። ከእመቤት ራቅ ብሎ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እጁን ዘርግቶ ፎጣውን ፈታ።

ጣቱ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ከጥፍሩ እስከ አንጓው ዝገት ነው። የእጁ ጀርባ ደግሞ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ቅርጹን አውቀዋለሁ፤ ከዳሩ ጨረቃ የመሰለች ዝገት አለችው።

በጣቴ አጥንት ቀስ አድርጌ አንኳኳሁት።

«ዷ።»

እንደ ባዶ በርሜል።

«ያምሃል?»

«ምንም አይሰማኝም» አለ። እንባው ኮቱ ላይ ይንጠባጠባል። «ጋሼ፣ እባክህ። እንደፈለግህ አድርገው። ቁረጠው፣ ምታው፣ እንደፈለግህ።»

ስጠላው የኖርኩትን ሰው አየሁት። ሸሚዙ ቆሽሿል። የአሥር ዓመት ልጅ ነበር የሚመስለው።

«እመታልሃለሁ» አልኩት። «መጀመሪያ አንድ ነገር መልስልኝ። የዚያን ዕለት... ማነው?»

ቀና አለ።  የዛገው ጣት ጠረጴዛውን እየፋቀ ወደ እኔ ዞረ። እሱ ያዞረው አልመሰለኝም፤ በሌላው እጁ ጨምድዶ ሊመልሰው እየታገለ ነበር።

«እ...» አለ።

«እ ምን?»

«እ...»

«እሱ» በ«እ» ትጀምራለች። «እኔ»ም በ«እ» ትጀምራለች።

እጄ ወደ መዶሻው ሄደ።

ያኔ ከጀርባችን ካለችው ከእመቤት ሳይሆን፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከወንድሜ እጅ በታች...

«ያዝኩ።»

መዶሻው በእጄ ነበር።