የአንድ ሰዓት ለቅሶ

በእስራኤል አገር፣ በቂርያት ጋት ከተማ ካሉት ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃዎች በአንደኛው፣ ሁለት ወንዶች ብቻ የሚኖሩበት ቤት ነበር፤ አባት ቢምረውና አንድ ልጁ ጎበዜ። የቤቱ እመቤት አገርነሽ ግን ጎንደር ቀርታለች። ከሁለት ዓመት በፊት አውሮፕላኖች ቤተ እስራኤልን ከአዲስ አበባ ባነሱበት ቀን፣ እሷ የታመሙ እናቷን ልታስታምም ወደዚያው ሄዳ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋባት። ትደርስብናለች ተባብለው ባልና ልጅ ተሳፈሩ። ከዚያ ወዲህ ቢምረው ያልረገጠው ቢሮ፣ ያልፈረመው ወረቀት አልነበረም። ትመጣለች ይሉታል፤ እሱም ያምናል። ምን ያድርግ? ከማመን በቀር ምን ነበረው?

ጎበዜ የሚሠራው በኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ ኤቭያታር በሚባል ሰው ጋራዥ ነበር። ኤቭያታርና ሌሎች ባለጋራዦች በየዓመቱ በረሃ ውስጥ በተተወ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ በመኪና ይሽቀዳደማሉ። አካሏ በቁርጥራጭ ተገዝቶ የሚገጣጠም፣ ሞተሯ ከወዳደቀ ትንሽ መኪና የተፈታ፣ ርካሽ ግን ፈጣን መኪና ለእያንዳንዳቸው ነበረቻቸው። ሁለት ዓመት ወለል የጠረገውን ጎበዜን በፈረንጆች 1993 ጸደይ ኤቭያታር ጠራውና፣ ሞተሩን ከሠራኸው መኪናዋን አንተው ትነዳታለህ አለው። ጎበዜም ዝገት የበላውን ሞተር ብሎን በብሎን ፈታው። ሲሊንደሮቹን አስፍቶ ትልልቅ ፒስተን አስገባ፤ የሞተሩን ክዳን በማሽን አስፍቆ የነዳጁን እመቃ አጠነከረ፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ሁለተኛ ካርቡሬተር ጨመረለት። ቢምረው በአገሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ እዚህ የፋብሪካ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሲወጣ ወደ ጋራዡ እየመጣ ቫልቮቹን በልክ እንዲገጥሙ በአሸዋማ ቅባት አንድ በአንድ ከመቀመጫቸው ጋር ያፋትጋቸዋል። ቫልቩን የያዘችውን እንጨት በሁለት መዳፉ መካከል ሲያሽከረክር፣ ከብረት ጋር የነበረው የድሮ ዝምድናው የተመለሰለት ይመስለው ነበር።

አንድ ዓርብ የቢምረው ታላቅ ወንድም ይኄይስ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መጥቶ ጠበቀው። ከጎንደር ስልክ ተደውሏል... አገርነሽን ወባ ጣላት፤ ማክሰኞ ተቀበረች። ቢምረው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ይኄይስ ትከሻውን ያዘው።

«ማንአለብሽ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው» አለው። ማንአለብሽ በሰሜን፣ በመጤዎቹ ጊዜያዊ ተጎታች ቤቶች፣ በካራቫን ሰፈር የምትኖር የአገርነሽ ታናሽ እህት ናት። «የአራስ ወተት በመርዶ ይደርቃል። አንድ ሞት ይበቃናል። አርባዋ ይውጣና ሁላችን ተሰብስበን እንነግራታለን።»

«ልጄስ?»

«እሱ ካለቀሰ እሷ በሰዓቱ ትሰማለች። ደግሞስ ያችን መኪና ሊነዳ አይደል? ዓይኑን እንባ ሞልቶት ይንዳልህ?»

ቢምረው ተስማማ። በአገራቸው መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነበር፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደካማው እስኪጠነክር ተጠብቆ። ክፋት አልነበረበትም። ግን ሚስቱ አፈር የለበሰችበት ባል እንዴት ልጁ ፊት ይሥቃል? በሃይማኖቱ ሕግ በአመድ ላይ ሊቀመጥባቸው የሚገቡትን ሰባት የሐዘን ቀናት፣ የሞተር ዕቃ በጋዝ ሲያጥብ ጨረሳቸው! እንባው ሲመጣ ጋዙ ዓይኔን አቃጠለኝ ይላል።

ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ዕለት ጎበዜ ቴፕ ይዞ መጣ። ድምፁን ለእናቱ ቀድቶ ሊልክላት ነው። «እማዬ፣ ስሚው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት» አለና ማይኩን ወደ አባቱ አዞረ። «አባ፣ እርስዎም አንድ ነገር ይበሏት እንጂ።»

ቢምረው ቴፑን ትክ ብሎ አየው። «አገርነሽ...» አለ። «ልጅሽ ጎብዟል። ደህና ሁኚ።»

ጎበዜ በሳቅ ፈነዳ። «ሰው ሚስቱን እንዲህ ነው እንዴ የሚያናግር? ወታደር መሰሉ እኮ!»

በውድድሩ ቀን ያቺ ትንሽ ሞተር ማንም ያልጠበቃትን ሮጠች። ጎበዜ አንደኛ ወጣ። ኤቭያታር ተሸክሞ አዞረው፤ እሱም ወርዶ በአባቱ ፊት ትከሻውን እያንቀጠቀጠ ጨፈረ። ቢምረው አጨበጨበ። አገርነሽ ከተቀበረች ሃያ አራተኛ ቀኗ ነበር... እነዚያ እጆች ለምን በዚያች ደቂቃ አልደረቁም?

የአራሷ አርባ ቀን ሞላ። ረቡዕ ሲነጋ፣ ማንአለብሽ በሰሜን በሴቶች ተከብባ መርዶዋን ስትሰማ፣ እዚህም ዘመድ ደረጃውን ሞላው። ጎበዜ ለሥራ ጫማውን ሲያስር ነገሩት። ጩኸቱን ሕንፃው ሁሉ ሰማው። ሸሚዙን ቀዶ ወለሉ ላይ ወደቀ። የሰፈሩ ራቭ፣ የሃይማኖት መሪው፣ መጡ። የሞተችበትን ቀን ጠየቁ፤ ቆጠሩ፤ ፊታቸው ጠቆረ። ሠላሳ ስድስት ቀን። በሃይማኖቱ ሕግ፣ መርዶው ከሠላሳ ቀን በኋላ የደረሰው ልጅ ሰባት ቀን አይቀመጥም፤ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይኄይስ፣ ለእኛ ሐዘን የሚጀምረው ስንሰማ ነው ብሎ ለመናቸው። ራቩ ግን ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም ብለው እምቢ አሉ።

ጎበዜ ቀና አለ። «አባ፣ እርስዎ መቼ ሰሙ?»

ቢምረው መዋሸት አልቻለም። «አክስትህ በወለደች በሳምንቷ።»

«ቴፑን ስንቀዳ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ስጨፍር ያጨበጨቡልኝ እያወቁ ነው።»

ጎበዜ ከዚያ በኋላ አላለቀሰም። ወለሉ ላይ ተቀምጦ የግድግዳውን ሰዓት ያይ ነበር። ሰዓቷ ስትሞላ ተነሣ፤ ልብሱን በቦርሳ ከተተ። አባቱ በሩ ላይ እግሩን ያዘው። «ልጄ፣ አንተም እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው።»

ጎበዜ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጣቶች ከእግሩ ላይ ቀስ አድርጎ አላቀቀ።

«እንግዲህ ለእኔም አንድ ሰዓት ያልቅሱልኝ» አለና ደረጃውን ወረደ።

አልተመለሰም። ኤላት ወደብ ላይ አየነው ያሉ ነበሩ፤ ቢምረው ሲደርስ ግን የለም። የማንአለብሽ ወተት አልደረቀም፤ ሕፃኑም አደገ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ለአራስ ያዘነው? ሕጉን የጠበቁት? ወይስ ዕጣ የሚሏት፣ ሰውን በደግነቱ ይዛ የምትጥለው? ቢምረው ለአገርነሽ ዘግይቶም ቢሆን ሰባቱን ቀን ተቀመጠላት። በሕይወት ላለ ልጅ ግን ስንት ቀን እንደሚቀመጡ የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ከሐዘን መቀመጫው ሳይነሣ ቀረ።